ደላላውን የማይወደውን ጥያቄ ጠይቁት

ደላላ ሁሉ ሌባ ነው ከሚል ሰው ጋር ብዙ አልከራከርም። ሰውየው ራሱ የሚኖርበትን ቤት ያገኘው በደላላ ነው። እኔም እንደዚያው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ከደላላ ያመልጣል ብዬ አላምንም። ቴሌግራም ላይ «ያለ ደላላ፣ ቀጥታ ከባለቤቱ» የሚል ማስታወቂያ ታዩና በደስታ ትደውላላችሁ። ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ደላላ። «ባለቤቱ እኮ የእህቴ ባል ነው» ይላችኋል።

ስለዚህ ጭቅጭቁ በደላላ ወይስ ያለ ደላላ ሳይሆን በየትኛው ደላላ ቢሆን ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ ይገርመኛል። «ጎበዝ ነው፣ በአንድ ቀን ስንት ቤት አዞረኝ መሰለሽ!» ይሉኛል። «ስልክ ወዲያው ያነሳል።» «መኪና አለው።» «አፉ ማር ነው።» ይሄ ሁሉ የሰውየው የሥራ ዕቃ ነው፣ ለእናንተ ምንም ዋስትና አይሆንም። በአንድ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ያዞራችሁ ደላላ እንዲያውም ምን እንደምትፈልጉ ያልሰማ ሊሆን ይችላል። የሰማማ ቢሆን ሁለት ቤት ይበቃው ነበር።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው። ኮሚሽኑን ሊያሳጣው የሚችለውን ነገር ይነግረኛል ወይ? ሳልጠይቀው ከነገረኝ በጣም ጥሩ። ስጠይቀው ከነገረኝም እሺ። ጠይቄው ዙሪያውን ከዞረ ግን መኪናም ይኑረው፣ ስልክም ያንሳ፣ ከእሱ ጋር ጉዳዬ አልቋል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመረዳት ሂሳቡን ማየት ነው። ቤት ሲሸጥ በልማድ የሚጠየቀው ኮሚሽን 2 በመቶ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከገዢም ከሻጭም። በ10 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ቤት ላይ ከአንዱ ወገን ብቻ 200 ሺህ ብር ማለት ነው። እናንተ አንጀታችሁ እስኪቆረጥ ተከራክራችሁ ዋጋውን ወደ 9 ሚሊዮን ተኩል ብታወርዱት፣ ለእናንተ ግማሽ ሚሊዮን ብር ተረፈ። ከእሱ ኪስ ግን ከእናንተ በኩል የጎደለው 10 ሺህ ብር ነው። ዋጋው ወረደ አልወረደ ለእሱ ያን ያህል አያመውም። የሚያመው ሽያጩ ሲፈርስ ነው። ወይ ሲጓተት። «ሌላ ሰው ነገ ጠዋት ቀብድ ሊያስይዝ ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ ይህንን ከሰማሁ «እንግዲህ ዕድሉ የእሱ ነው» ብዬ እሄዳለሁ። የሚገርመው ነገር፣ ያ «ሌላ ሰው» አብዛኛውን ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል፣ ከሳምንት በኋላ የሚደወለው ለእኔው ነው።

ከዚህ የባሰ አሠራርም አለ። ሻጩ «ለእኔ 9 ሚሊዮን ይግባልኝ፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው» ብሎ ደላላውን ይለቀዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ደላላ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ስንት እንደሚያተርፍ የማይነግራችሁ ነጋዴ። ምልክቱ ቀላል ነው። ከባለቤቱ ጋር ብቻችሁን እንድትነጋገሩ በፍጹም አይፈቅድም። ባለቤቷ ቡና አፍልታ «ግቡ እንጂ» ስትል እሱ ሰዓቱን ያያል። ዋጋ ሲነሳ «እሱን ለእኔ ተዉት» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ያው ቤት፣ ያው ሰማያዊ በር፣ ያቺው በረንዳ ላይ የተሰጣች ፍራሽ ሳትቀር፣ ሦስት የቴሌግራም ቻናል ላይ በሦስት የተለያየ ዋጋ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

በሦስት ዋጋ መለጠፉ ራሱ ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ቤቱ በስንት ደላላ እጅ አልፎ እንደመጣ። «ቤቱ በእጄ ነው» የማይል ደላላ የለም። ይህን ለማጣራት ተራ ጥያቄ ይበቃል። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ባለቤቱ ለምንድነው የሚሸጠው? ቆጣሪው የግል ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር የጋራ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ቆይ ደውዬ ልጠይቅ» ካለ፣ ወሬው ወደ እሱ የደረሰው በሌላ ሰው አፍ ነው። ይሄ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግን ኮሚሽኑ ለስንት እንደሚከፋፈልና የምትሰሙት ነገር ስንት ቦታ እንደተቀባባ አውቃችሁ ስሙ።

ይህንን ሁሉ ነገር ያስተማሩኝ ገርጂ አካባቢ የኪራይ ቤት ስፈልግ ያገኘኋቸው አንድ ሰውዬ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ጥግ ላይ ካለች ሱቅ ፊት ለፊት ከሌሎች ደላሎች ጋር የሚቀመጡ፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው። ያሳዩኝ ቤት ሰርቪስ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም። እኔ ቀለሙን አይቼ ልቤ ሲማረክ እሳቸው ቀጥ ብለው መታጠቢያ ቤት ገቡና ቧንቧውን ከፈቱት። አየር ሲተነፍስ ተሰማ፣ ውሃ ግን የለም።

«አየሽ ልጄ፣ እዚህ ፈረቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ሮቶው የባለቤቶቹ ነው፣ ወደዚህ አልተዘረጋም። በጀሪካን ነው የምትኖሪው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አመጡኝ?»

«ብርሽ የሚበቃው እንዲህ ላለው ነው። ከገባሽ አውቀሽ ግቢ።»

ከዚያ ከአልጋው ጀርባ ወደሚሆነው ጥግ ወሰዱኝና ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ልስኑ ፍርክርክ ብሎ ወረደ። «ክረምት ሲገባ ይሄ ግድግዳ ያለቅሳል» አሉ። ቤቱን አልተከራየሁትም። የዚያን ቀን ኮሚሽን አላገኙም። ከወራት በኋላ ግን የተከራየሁትን ቤት ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው፣ እህቴም፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬም በእሳቸው በኩል ነው የገቡት። ሰውዬው ቂል አልነበሩም።

ሃያ ሁለት አካባቢ ደግሞ የዚህን ግልባጭ አየሁ። አለባበሱ ሽክ ያለ ወጣት ነው። ቤቱን የሚያሳየው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ጠዋት ልምጣ ስል አይመቸውም፣ ማታ ልምጣ ስል ባለቤቶቹ የሉም። «ማታ ማታ ጸጥ ይላል?» ብዬ ስጠይቀው «እህቴ፣ እዚህ ሰፈር የዝንብ ድምፅ እንኳን አትሰሚም» አለኝ። ቀጣዩ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ይህን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው። ፊት ለፊት ያለው በሩ የተዘጋ ቤት ለካ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚነቃ ግሮሰሪ ነው፣ ከነሙዚቃው።

ከዚያ ወዲህ ደላላውን ብቻ ጠይቄ አላውቅም። ጥበቃውን፣ ባለሱቁን፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ እጠይቃለሁ። ስለ ሰፈሩ ብቻም አይደለም፣ ስለ ደላላውም ጭምር። «እሱ ልጅ እንዴት ነው?» ስትሉ ባለሱቁ የሚመልሰው ነገር ሳይሆን ከመመለሱ በፊት ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ይናገራል።

ኪራይ ላይ ስህተቱ የሚያስከፍለው ቢበዛ አንድ መጥፎ ዓመት ነው። ግዢ ላይ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ደላላውን የምትፈትኑት በወረቀት ነው። ካርታው ላይ ያለው ስም የማን ነው? ሰውየው ባለትዳር ነው? ባለትዳር ከሆነ ሚስትየው ሽያጩን ታውቃለች? ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ስንት ናቸው፣ ሁሉም ተስማምተዋል? ባንክ አልያዘውም? የፍርድ ቤት እገዳ የለበትም? ብዙ ቤት ያሻሻጠ ደላላ እነዚህን ጥያቄዎች ከእናንተ በፊት ነው ለሻጩ የሚያነሳው። ለጽድቅ ብሎ አይደለም። ሚስት የማታውቀው ሽያጭ ውልና ማስረጃ ደርሶ እንደሚመለስ፣ የአንድ ወራሽ ኩርፊያ የወራት ድካሙን ገደል እንደሚከትበት በራሱ ላይ ደርሶ ስላየ ነው። «እሱ ችግር የለውም፣ መጀመሪያ ቀብድ ጣሉ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚላችሁ ግን ወይ ልምድ የለውም፣ ወይ ከልክ በላይ አለው።

ስለ ቀብድ ካነሳን አይቀር፣ ቀብድ ቀልድ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ጥሩ ደላላ ይህንን ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይነግራችኋል። ብሩም የሚገባው በሻጩ ሒሳብ ነው። «ለእኔ ስጡኝና እኔ አደርስላችኋለሁ» ካለ ስልካችሁን አንስታችሁ ውጡ። ያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ውጤት የለውም ይላል፣ ውሉ ሕጋዊ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብም ይጠይቃል። ሰፈር ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «ለጊዜው የመንደር ውል እንጻፍና በኋላ ውልና ማስረጃ እንሄዳለን» ይባላል። ሦስት ምስክር ተቀምጦ፣ ቢራ ተከፍቶ፣ ተጨባብጦ። ያ «በኋላ» መቼ እንደሚመጣ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ የተቀመጡትን ጠይቁ።

የዋጋው ነገርም አለ። «ውሉ ላይ አሳንሰን እንጻፍ፣ ግብር ይቀንሳል» የሚል ምክር የማይሰጥ ደላላ ማግኘት ሎተሪ ነው። ቴምብሩ 2 በመቶ ነው፣ የስም ማዛወሪያው አለ፣ ሻጩ ላይ ደግሞ የካፒታል ዕድገት ግብር አለ፣ ስለዚህ ምክሩ ጆሮ ይጥማል። ግብር ማጭበርበሩ እንዳለ ሆኖ፣ ለገዢው የማይታየው ነገር ይሄ ነው። 10 ሚሊዮን ከፍላችሁ ውሉ ላይ 4 ሚሊዮን ብትጽፉና ነገ ሽያጩ ቢፈርስ፣ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ስለ 4 ሚሊዮኑ ነው። ቀሪውን 6 ሚሊዮን ማን ያስታውስላችኋል? ደላላው? እሱ ኮሚሽኑን የተቀበለው ከ10 ሚሊዮኑ ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ አይረሳም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የውክልና ጨዋታ አለ። የ20/80ም ሆነ የ40/60 ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ይሸጣል። እንዴት? «ውክልና ይሰጣችኋል፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስሙ ይዞራል» ተብሎ። ደላላው ይህን ሲናገር ውክልናን ከካርታ ጋር እኩል አድርጎ ነው። ውክልና ሰጪው ግን በሕይወት እያለ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው አብሮት ያበቃል። ከዚያ በኋላ እናንተና ልጆቹ ናችሁ የምትፋጠጡት። ይህንን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ደላላ አይቼ አውቃለሁ። ጀሞ ነው። ዘመዴ ብሩን በቦርሳ ይዞ ቀርቦ ነበር፣ ሰውየው «ጋሼ፣ እኔ እንጀራዬ ነው፣ ግን ለእርስዎ ይሄ አይሆንም፣ የልብ ሕመም ይሆንብዎታል» አለው። ካርታ የወጣለት ቤት በትንሽ ብር ልዩነት እስኪገኝ ሌላ ጊዜ ፈጀ። ሰውየው ጠበቀ።

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ፈረሰ፣ ቀጥሎ ደግሞ ካዛንቺስ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው አዲስ ጥያቄ መጣ። «እዚህ ይነካል?» ብዙ ደላላ ይህንን ሲሰማ በአንድ ጊዜ የከተማ ፕላን ባለሙያ ይሆናል። «እዚህማ አይደርስም! ውስጥ አዋቂ ነግሮኛል።» እኔ ስሰማው የምደሰተው መልስ «አላውቅም፣ ክፍለ ከተማው ሄደን እንጠይቅ» የሚለው ነው። አላውቅም የሚል ደላላ ብርቅ ነው። ካገኛችሁት ቁጥሩን ጥሩ ቦታ ላይ ጻፉት።

ተከራዮች ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የራሳችሁ መፈተኛ አላችሁ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። ደላላው «አከራይዋ የስድስት ወር ነው የምትፈልገው፣ ወረዳ መሄድም አያስፈልግም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው» ካለ የማን ጠበቃ እንደሆነ አወቃችሁ። እርግጥ ቤት በጠፋበት ከተማ ሰው አዋጁን አውቆም ስድስት ወሩን ይከፍላል። አልፈርድበትም። ደላላው ግን ሕጉ ምን እንደሚል ነግሯችሁ ከዚያ ምርጫው የእናንተ ሊሆን ይገባል።

ውጭ ያሉ ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው ግራ ይገባቸዋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉት ቤት ሲገዙ ወኪሉ ፈቃድ ያለው ነው፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ አስገብተው ያዩታል። እዚያም ቢሆን ከነሐሴ 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወዲህ ብዙዎቹ ወኪሎች ቤት ከማሳየታቸው በፊት ከገዢው ጋር በጽሑፍ መዋዋል ግድ ሆኖባቸዋል፣ ክፍያቸውም እዚያው ላይ ይጻፋል። እነዚሁ ዘመዶቼ አያት ወይ ሰሚት ቤት ለመግዛት ሲነሱ ግን ያንን ሁሉ ጥንቃቄ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ጥለውት ይመጣሉ። ደላላው በፕላስ አንድ የሚጀምር ስልክ ሲያይ ዋጋው ያብጣል፣ «ዳያስፖራ ነው» የሚለው ወሬ ከእነሱ ቀድሞ ይደርሳል። እኔ የምመክራቸው ስልኩን የሚደውል እዚህ ያለ ሰው እንዲሆን ነው፣ ደላላው ያልመረጠው ሰው። ኤምባሲ ሄደው የሚሰጡትም ውክልና ምን ምን እንደሚያስደርግ ተለይቶ ይጻፍ። «ሁሉን ነገር» የሚል ውክልና ለአጎት ልጅም ቢሆን አልሰጥም።

አሁን ደግሞ ለደላሎቹ ልከራከር። እኛም ጨዋ አይደለንም። ደላላው ፀሐይ ላይ ሲያዞረን ይውላል፣ ቤቱን እናያለን፣ «አልወደድነውም» እንለዋለን፣ ማታ ተመልሰን የባለቤቱን በር እናንኳኳለን። 200 ሺህ ብር አተረፍን ብለን። ከባለቤቱ ጋር አላገናኝም የሚሉት ግማሹ ስለተዘለሉ ነው። የካርታ ኮፒ ሲጠየቁ የሚያንገራግሩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ማንገራገሩ ብቻውን ሌባ አያደርገውም።

ይህንን የፈታልኝ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ቤት ከማየቴ በፊት እንጽፋለን። እሱ ያሳየኝን ቤት ከገዛሁ ኮሚሽኑን ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ ከጀርባው ብዋዋል እንኳን። እሱ ደግሞ ከሻጩ የሚቀበለውን ይነግረኛል፣ ከባለቤቱ ጋር ያገናኘኛል፣ ወረቀቱን ከቀብድ በፊት ያሳየኛል። ግማሹን ኮሚሽን ውልና ማስረጃ ፈርመን ስንወጣ፣ ቀሪውን ስሙ ሲዞር። ብዙዎቹ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል። «ስም እስኪዞር? እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ሥራ ማገናኘት ነው» ይላሉ። እሺ፣ ሥራህ ማገናኘት ብቻ ከሆነ ኮሚሽንህም የማገናኘት ያህል ይሁን፣ እንነጋገር እላለሁ። አንዱ እንደዚህ ስለው ሳቀና «ስሙን እኔው ራሴ ሮጬ አዞራለሁ፣ እዚያ ቢሮ የማላውቀው ወንበር የለም» አለ። አዞረም።

ስልኩን ላኪልን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጠይቄዋለሁ፣ አትስጪ ብሎኛል። ሥራ በዝቶበታል።